በሞተር ሞያሌን መሻገር፦ ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከጅማ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱኑ ስለሆነ። የቀሩት በየተራ ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ቦክሰር 150 ሞተር አለኝ፤ ሊብሬው ግን በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። ጥር ላይ ከጓደኛዬ ጋር ናይሮቢ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። ፓስፖርት አውጥቻለሁ። ሰው ሳማክር አንዱ «ፓስፖርት ካለህ ሂድ፣ ማንም አይነካህም» ይለኛል፤ ሌላው «ሞተሩን ይወርሱብሃል» ይለኛል። የቱን ልመን? ምን ምን ወረቀትስ ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም የነገሩህ ግማሹን ነው። ያንተ መሻገር ሌላ፣ የሞተርህ መሻገር ሌላ ነው። ይህን ለይተህ ካየኸው ሌላው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

ካንተ እንጀምር። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ቪዛ የቀረው ድሮ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የሚባል አሠራር ጀምራለች፤ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ለመነሳት ሁለት ሳምንት ሲቀርህ የኬንያን ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አንድ ጊዜ እየው። ፓስፖርትህ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልግሃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋህ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆየው። አንዴ ከተከተብክ ደግሞ እስከ ሕይወትህ ያገለግላል፤ በየ10 ዓመቱ መከተብ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሞተርህ ለጉምሩክ ዕቃ ነው። ከኢትዮጵያ ሲወጣ «ተመልሶ የሚገባ» ተብሎ፣ ኬንያ ሲገባ ደግሞ «ተመልሶ የሚወጣ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ኬንያ ስለ መግባቱ ነው። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው መመለሱን አስብ ነው። የመውጫ ወረቀት ሳይኖርህ ወጥተህ ስትመለስ፣ ሞያሌ ላይ ያለው ባለሙያ የሚያየው ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሞተር ነው። ታርጋው የእኛ ነው ብለህ ብትከራከር፣ በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን የሚያሳይ ነገር አምጣ ይልሃል። ያ ወረቀት ከሌለህ የቀረጥ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፣ ሞተሩም ነገሩ እስኪጣራ ሊቆም ይችላል። «ይወርሱብሃል» ያለህ ሰው የሰማው እንዲህ ያለ ጣጣ ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጅማ ነው። እዚያው ከተማህ ያለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ሄደህ «የግል ሞተሬን ለጊዜው ከአገር አውጥቼ መልሼ ላስገባ ነው» ብለህ በቃልም በጽሑፍም ጠይቅ። መቼ እንደምትወጣ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ በየትኛው በር እንደሆነ ጻፍ። ዋስትና ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ ምን ዓይነት እንደሆነና በምን እንደሚፈታ እዚያው ጨርስ። የመለሱልህን ነገር በወረቀት ይዘህ ሂድ። ሞያሌ ስትደርስ «ጅማ እንዲህ ብለውኛል» የሚል ቃል ብቻ አይረዳህም።

ሊብሬው በወንድምህ ስም መሆኑ ትልቁ ነገርህ ነው። ሁለት መንገድ አለህ፤ ወይ ስሙን ወዳንተ ማዞር፣ ወይ ውክልና። ውክልና ከሆነ ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ጽሑፉን አይታችሁ አስጽፉ። ብዙውን ጊዜ ሰዎች የሚያሠሩት «ሊነዳ፣ ሊያስጠግን፣ ሊያድስ ይችላል» የሚል የተለመደ ውክልና ነው። እሱ አይበቃህም። «ከአገር ውጭ ይዞ ሊወጣ፣ በጉምሩክ ፊት ሊፈርም፣ መልሶ ሊያስገባ ይችላል» የሚል ቃል በግልጽ ይኑርበት። ከዚያ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ በእንግሊዝኛ ታስተረጉመዋለህ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ታረጋግጠዋለህ። ጊዜ ይወስዳል። ጥር ላይ ልትነሳ ከሆነ ኅዳር ላይ ጀምር።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ዛሬ ማታ ሊብሬውን ያዝና ከሞተሩ ጎን ቁጭ በል። የሻንሲው ቁጥር ቦክሰር ላይ መሪው ከሚገባበት አንገት ላይ ነው የተቀረጸው። የጅማ ቀይ ጭቃና ቅባት ተጋግሮበት ይሆናል፤ በቤንዚን በነከረ ጨርቅ ጥረገው፣ በባትሪ እያበራህ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። የኢንጂኑንም ቁጥር እንደዚያው። ድንበር ላይ ባለሙያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ ቁጥር በቁጥር ያነባል። ፍሬሙ ድጋሚ ቀለም ተቀብቶ ቁጥሩ ከተደፈነ፣ ወይም ኢንጂኑ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ፣ ጅማ ላይ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ነገር ሞያሌ ላይ ጉዞህን ያስቀረዋል። ቤትህ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይህን ማወቅ ያሳዝናል።

ሌላው የቀን ነገር ነው። ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ ውክልና፣ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ለኬንያ ፖሊስ ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት የተቃጠለ ሆኖ ነው የሚታየው። የፖሊሱ ጥፋት አይደለም፤ የሚያነበው እንደ አገሩ ነው። የምታስተረጉመው ወረቀት ሁሉ የፈረንጁ ቀን ይጻፍበት።

ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ አገር ውስጥ ያለህ የሦስተኛ ወገን መድን ከድንበሩ ወዲያ አይሠራም። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል አለ። በኮሜሳ፣ ማለትም በምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ አባል አገሮች መካከል የሚያገለግል የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም አሉበት። መድን የገባህበት ድርጅት ጠይቅ፣ ኬንያ በስሙ ተጠቅሳ መካተቷንም አይተህ ተቀበል። ቢጫ ካርድ ሲባል ሰው ከክትባቱ ካርድ ጋር ያምታታዋል፤ ሁለቱም ያስፈልጉሃል።

«ካርኔ ያስፈልጋል ወይ?» የሚሉኝም አሉ። ካርኔ የመኪና ክለቦች የሚሰጡት፣ ተሽከርካሪን ቀረጥ ሳይከፍሉ በብዙ አገር ለማሳለፍ የሚያገለግል ሰነድ ነው። እስከ ግብፅ ለሚወርድ ሰው ግድ ይሆናል። ለናይሮቢ ደርሶ መልስ ግን ኬንያ ድንበር ላይ የሚሰጥ ጊዜያዊ የተሽከርካሪ ማስገቢያ ፈቃድ አለ። የተጻፈበትን የመጨረሻ ቀን እዚያው አይተህ ስልክህ ላይ አስታዋሽ ሙላ። አሳልፈህ ብትቆይ ሞተሩ ቅጣት ያመጣብሃል።

ድንበሩ ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተመረቀ የጋራ የድንበር ኬላ አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ኬንያ ስትሄድ የኢትዮጵያን መውጫም የኬንያን መግቢያም የምትጨርሰው በኬንያ በኩል ባለው ሕንፃ ነው፣ ስትመለስ ደግሞ ሁለቱንም በእኛ በኩል። ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ፓስፖርቱ ላይ ማህተም ሲመታለት የጨረሰ ይመስለዋል፣ ጉምሩኩን ረስቶ ሞተሩን አስነስቶ ይወጣል። መጀመሪያ ኢሚግሬሽን፣ ቀጥሎ የእኛ ጉምሩክ፣ ቀጥሎ የኬንያ ጉምሩክ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱን ማሳየት። የጎደለህ ነገር እንዳለ ሞተርህ ላይ ከመውጣትህ በፊት ጠይቅ። ስትመለስም ኬንያ የሰጠችህን ፈቃድ መልስና አዘጋ፤ ሳይዘጋ ከቀረ በመዝገባቸው ላይ ሞተርህ አሁንም ኬንያ ውስጥ ነው።

ደላሎች ይመጡብሃል። «እኔ ልጨርስልህ፣ አንተ ሻይ ጠጣ» ይሉሃል። በትህትና እምቢ በል። ዋናውን ሊብሬና ፓስፖርት ከባለሙያ መስኮት በቀር ለማንም እጅ አትስጥ። የሁሉንም ኮፒ በሁለት በሁለት ይዘህ ሂድ፣ አንዱ ጓደኛህ ዘንድ ይሁን። ድንበሩ ላይ በማለዳ ድረስ። ከሰዓት በኋላ ደርሰህ ግማሹን ጨርሰህ ማደር የሚያደክም ነገር ነው፤ ከዚያም አልፎ የቀረውን መንገድ በጨለማ እንድትነዳ ይገፋፋሃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር በሞተር ኬንያ ልሂድ ብሎ ተነስቷል። የሞያሌን መንገድ የማውቀው በወሬ ነው፤ በረሃ ነው፣ ሽፍታ አለበት ሲባል ነው የሰማሁት። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልከልክለው ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ትክክል ነው፣ አላቃልለውም። ግን የሰሙት ወሬ አብዛኛው የድሮው መንገድ ወሬ ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው መንገድ ለብዙ ዓመታት ድንጋይና አቧራ ነበር፤ የጭነት መኪና እንኳ ይሰበርበታል፣ የተሰበረ ደግሞ በረሃ ላይ ያድራል። ዛሬ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው፤ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመንገዱ ላይ የፖሊስ ኬላ ይበዛል፣ ፓስፖርት እያዩ ያሳልፋሉ።

ከመከልከል ይልቅ ቃል ያስገቡት። የመጀመሪያው በሌሊት አለመንዳት ነው። ይህን አጥብቀው ይያዙት። ችግሩ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከያቤሎ ጀምሮ ግመልና ከብት አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ፣ አስፋልቱ ሲመሽ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ። በሞተር መብራት ጥቁር ከብት የሚታየው በጣም ቅርብ ከደረሱ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ በየማደሪያው ደርሶ እንዲደውል፤ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ። ከሞያሌ ወዲያ በእኛ መስመር አይተማመንና እዚያው የኬንያ ሲም ይግዛ፣ በፓስፖርቱ ያወጡለታል፣ ቁጥሩን ያኔውኑ ይላክልዎ። ሦስተኛው፣ የመንገዱን ሰላም በየከተማው መጠየቅ። ከጅማ በጪዳ፣ በተርጫ፣ በሶዶ አድርጎ በኮንሶ ወደ ያቤሎ መውረድ ይቻላል፤ በሐዋሳና በዲላ የሚሄደው ደግሞ የጭነት መኪናው መንገድ ነው፣ ሰውም መኪናም አይጠፋበትም። የቱ እንደሚሻል በዚያ ሳምንት መስመሩን የሚያውቁ ሹፌሮች ይነግሩታል። «ዛሬ አትለፉ» ካሉት ያድር። አንድ ቀን ማደር ጉዞ አያበላሽም።

ይህን ሁሉ እሺ ካለዎ ይመርቁት። «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ከተቆጣ ግን ገና አልተዘጋጀም፤ ለከርሞ ይቆይ ቢሉት አልቃወምዎትም።

ጥያቄ፦ ሴት ሞተረኛ ነኝ፣ ጅማ ውስጥ ለሥራ በየቀኑ እነዳለሁ። ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ለመሄድ ወስኛለሁ፣ ወረቀቱንም ጨርሰናል። የሚያሳስበኝ መንገዱ ላይ ያለው ነው፤ በግራ መንዳቱ፣ ነዳጁ፣ ብልሽቱ። ረጅም መንገድ ነድቼ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን ጨርሰሽ ስለ መንዳቱ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል።

ኬንያ ውስጥ በግራ መንዳቱ ቀጥታ መንገድ ላይ አያስቸግርም። ከፊትሽ መኪና ካለ ተከትለሽው ትሄጃለሽ። አደጋው ያለው ብቻሽን ከቆምሽበት ስትነሺ ነው። ጠዋት ከሆቴል ስትወጪ፣ ነዳጅ ቀድተሽ ስትወጪ፣ ፎቶ አንስተሽ ስትመለሺ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን እጅሽ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስድሻል። የታንክሽ አናት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፊና «ግራ» ብለሽ በትልቁ ጻፊበት። ከቆመ ሞተር በተነሳሽ ቁጥር እሱን አንብቢ። አደባባይ ላይ ደግሞ በግራ ገብተሽ ነው የምትዞሪው፣ ቅድሚያውም በቀኝሽ ለሚመጣው ነው። ከመነሳትሽ በፊት ይህን በሐሳብሽ ደጋግሚው።

ማንም የማይነግርሽ ንፋሱን ነው። ከሞያሌ ወርደሽ ቱርቢ የምትባለውን መንደር ካለፍሽ በኋላ ዲዳ ገልገሉ የሚባል ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ አለ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ንፋሱን የሚያቆም ነገር የለም። ያ የማርሳቢት አውራጃ ኬንያ 365 የንፋስ ተርባይን የተከለችበት ነው፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግሽም። ንፋሱ ከጎን ነው የሚመታሽ፣ ሞተርሽን አጋድለሽ ቀጥታ እየሄድሽ ታገኚዋለሽ። መሪውን አጥብቀሽ አትያዢ፣ ክንድሽን ላላ አድርጊ፣ በጉልበትሽ ታንኩን ያዢ። የሚያስደነግጠው ትልቅ መኪና ሲያልፍሽ ነው፤ ለአፍታ ንፋሱን ይከልልሻል፣ ከዚያ ሲያልፍ በአንዴ ይመለስብሻል። ከባድ መኪና ስታዪ ፍጥነት ቀንሺ፣ ከመንገዱ ጠርዝም ራቂ። ከኋላ ከፍ አድርገሽ ዕቃ አትቆልዪ፤ ከፍ ያለ ጭነት ንፋስ ይሰበስባል። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርገሽ በሁለቱ ጎን ጫኚ።

ነዳጅ ለትንሽ ሞተር ችግር አይደለም። ከሞያሌ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከማርሳቢት ኢሲዮሎም ከዚያ ብዙም አይርቅም። የቦክሰር ታንክ 11 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ቀስ ብለሽ ከነዳሽ ይበቃሻል። ግን ሁሌ ከከተማ ስትወጪ ሞልተሽ ውጪ፤ ንፋስ ከፊት ሲሆን ሞተር ከለመድሽው በላይ ይጠጣል። ከሁሉ በላይ ውኃ ያዢ፣ ለራስሽ።

ብልሽትን ብዙ አትፍሪው። ቦክሰርና ቲቪኤስ ኬንያ ውስጥ ሰው በየመንደሩ የሚያመላልሱበት ሞተር ነው፤ ቦዳ ቦዳ ይሉታል። መለዋወጫውም መካኒኩም አይጠፋም። አንቺ የምትይዢው አንድ ካላማዳሪ ለፊት፣ አንድ ለኋላ፣ የጎማ መፍቻ፣ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ኬብል፣ የሰንሰለት ቅባት። ከመሄድሽ በፊት ግን ከሠፈርሽ ጎሚስታ ጋር ቁጭ ብለሽ የኋላ ጎማሽን በገዛ እጅሽ አውልቀሽ መልሺው። መሣሪያው ተይዞ አሠራሩ ካልታወቀ ሸክም ነው።

ልብስ ላይ ሁለት ዓይነት አየር አስቢ። እስከ ኢሲዮሎ ሙቀት ነው፣ ማርሳቢት ተራራው ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ጉም ይይዛል። ከኢሲዮሎ በኋላ ወደ ኬንያ ተራራ ግርጌ ሽቅብ ትወጫለሽ፣ ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ታቋርጫለሽ፣ ብርዱ የጅማን የነሐሴ ማለዳ ያስንቃል። ጃኬትሽን ከቦርሳው ላይኛው ክፍል አድርጊው። ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ኬንያ ውስጥ በሕግ ግዴታ ነው፣ ከኋላ ለሚቀመጠውም ጭምር።

አፋን ኦሮሞ የምትችይ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ቦረናውም ገብራውም በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለ ሕዝብ ነው፣ እስከ ማርሳቢት ድረስ ተግባብተሽ ትሄጃለሽ። ሰዓትም አያሳስትሽም፤ በስዋሂሊ የሚነግርሽ ሰው እንደኛው ከማለዳ ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን እንደ ፈረንጁ ነው። ገንዘብ በኤምፔሳ ነው የሚሄደው፣ ሻይ ቤቱም ጎሚስታውም ይቀበላል። ስለዚህ ሲሙን ስትገዢ ኤምፔሳውንም አስከፍቺው።

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ላሉ ዘመዶቻችን የጅማ ቡና ይዘን ብንሄድስ? ሌላስ ይዘን የማንሄደው ነገር አለ?

መልስ፦ ጥሬ ቡና በቦርሳ ጭናችሁ አትሂዱ። ቡና ወደ ውጭ የሚወጣው በፈቃድ ነው፣ በሻንጣ የተገኘ ጥሬ ቡና ከጉምሩክ ጋር ያጋጫችኋል። ለስጦታ የሚሆን ትንሽ የተቆላ ቡና ከሆነ መጠኑን የመውጫ ወረቀቱን ስትጨርሱ እዚያው ጅማ ጉምሩክ ጠይቁ። ሰው አምኖ የሚሰጣችሁን፣ ውስጡን ያላያችሁትን የታሸገ ዕቃም አትቀበሉ፣ የጎረቤት ቢሆንም።

ፌስታል ደግሞ ጨርሶ አትያዙ። ኬንያ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱ ከባድ ነው፣ እስርም አለበት። የእኛ ሰው ልብሱን፣ ዳቦውን፣ እርጥብ ካልሲውን ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚጭነው። ከቤት ስትነሱ ቦርሳችሁን አራግፋችሁ በጨርቅ ከረጢት መልሳችሁ ጫኑ፤ ዝናብ ከፈራችሁ ውኃ የማያስገባ የሞተር ቦርሳ ግዙ። ጥርና የካቲት ላይ ከሄዳችሁ ግን ዝናቡም ያን ያህል አያስቸግራችሁም፤ በቦረናም በሰሜን ኬንያም ትልቁ ዝናብ የሚገባው ከመጋቢት ወዲህ ነው።